አጥንትም ይሰለቸዋል

ነገሩ የጀመረው በአውራ ጣቴ ነው። አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ የቀኝ ቅልጥሜን በውስጥ በኩል ከጉልበቴ ጀምሬ እየተጫንኩ ወደ ታች ስወርድ ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ ተነሳሁ። ከሳንቲም የማትበልጥ ቦታ ናት። ከሷ በላይ አያመኝም፣ ከሷ በታች አያመኝም፣ እዛች ላይ ብቻ። ጣቴን አንስቼ ደግሜ ጫንኳት (ሰው መቼም የሚያመውን ነገር ደጋግሞ ካልነካ አያምንም)፣ አዎ እዛው ናት።

ሩጫ ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴ ነበር። ከዛ በፊት ለዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ፣ አንድ ቀን ድንገት ተነስቼ በቃ እሮጣለሁ አልኩና ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ጫማ። ትንፋሼ እየረዘመ ጭኔ እየጠነከረ ሲመጣ ደስታዬ ለብቻው ነበር። ልብና ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለምዳሉ፣ አጥንት ለካ የራሱ አቆጣጠር አለው።

ሄጄ ታየሁ። ኤክስሬይ ተነሳሁ፣ ንጹህ ነው ተባልኩ። ያየኝ ሰው (ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ይቅር፣ ደሞ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቸኩሎ ነው) «ጡንቻ ነው፣ በረዶ ያዢበት፣ ሲሻልሽ ትሮጫለሽ» ብሎ ሸኘኝ። እኔም አመንኩትና ትንሽ ሲሻለኝ ሮጥኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሩጫው ቀርቶ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሌላ ቦታ ሄጄ ኤምአርአይ ስነሳ ነው እንግዲህ አጥንቱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ነገር የታየው፣ ስትረስ ፍራክቸር የሚሉት፣ የድካም ስብራት። ኤክስሬዩ አልዋሸም። የድካም ስብራት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ኤክስሬይ ላይ አይወጣም፣ ከሳምንታት በኋላ አጥንቱ ራሱን መጠገን ጀምሮ ዙሪያው ላይ አዲስ አጥንት ሲለጥፍ ነው የሚታየው። ማሽኑ ያላየውን አውራ ጣቴ አይቶት ነበር፣ የሚያምነው ሰው ነው የጠፋው።

እግሬን ትልቅ ቡት ውስጥ ከትቼ ቤት ስቀመጥ ጊዜ ተረፈኝ። አንድ ጥያቄ ደሞ አላስቀምጥ አለኝ። አልወደቅኩ፣ አልተመታሁ፣ ጉድጓድ አልገባሁ፣ ታዲያ ምን ሰበረኝ? አጥንት ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል ሲባል አይደል የምንሰማው? ጫናውን ሰጠሁት፣ ያውም በየቀኑ፣ ምነው ታዲያ አልጠነከረም?

መጀመሪያ ያገኘሁት ጥፋት እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ምስል ነው። አጥንት ሲባል የሚመጣብኝ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው አፅም ነው፣ ደረቅ፣ ቢጫ፣ ሲነኩት ቋ የሚል። ቋንቋችንም ብዙ አይረዳም፣ በጣም የከሳን ሰው «አጥንቱ ቀርቷል» እንላለን፣ ሁሉም ነገር አልቆ የሚቀረው ነገር ማለት ነው አጥንት ለኛ። በህይወት ያለ አጥንት ግን እርጥብ ነው፣ ደም ይመላለስበታል፣ ነርቭ አለው፣ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ካልሲየምና ፎስፌት ያለበት ማዕድን ሲሆን የቀረው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲንና ውሃ ነው።

ይሄን በአይኔ ካላየሁ ብዬ ቤት ውስጥ ሞከርኩት፣ ሥራ የፈታ ሰው ምን ያደርጋል። ቀጭን የዶሮ አጥንት አጥቤ ኮምጣጤ ውስጥ ነከርኩና ኮምጣጤውን እየቀየርኩ አንድ ሳምንት ተውኩት። ኮምጣጤው ማዕድኑን አሟሙቶ ያወጣዋል፣ የሚቀረው ኮላጅኑ ነው። ሳወጣው መልኩ ያው አጥንት ነው፣ ቅርጹ ንክች አላለም፣ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳጥፈው ግን እንደ ጎማ ታጠፈልኝ፣ ለቀቅ ሳደርገው ተመለሰ። ሌላውን ደሞ እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ኮላጅኑ ተቃጥሎ ማዕድኑ ብቻ ቀረ፣ ነጭ ሆነ፣ ጫን ስለው ጣቴ መሀል ዱቄት ሆነ። አንዱ አይሰበርም ግን አያቆምም፣ ሌላው ያቆማል ግን ይፈረካከሳል። እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ የሁለቱ ድብልቅ ነው።

እንግዲህ ጎማው ውስጡ ካለ መለመጡ አይቀርም። ይለመጣል እኮ! በያንዳንዱ እርምጃ ቅልጥማችን ይታጠፋል፣ በጣም ትንሽ ነው ግን ይታጠፋል። ባለሙያዎቹ የሚለኩት ስትሬን በሚሉት ነው፣ ርዝመቱ ከነበረበት በምን ያህል ተሳበ ወይም ተጨመቀ ማለት ነው፣ ነገሩ ጥቃቅን ስለሆነ በሚሊዮንኛ ይቆጥሩትና ማይክሮስትሬን ይሉታል። 1,000 ማይክሮስትሬን ማለት ከመቶ አንድ አስረኛ፣ አንድ ሜትር ዘንግ በአንድ ሚሊሜትር ረዘመ ወይ አጠረ እንደማለት። ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ቅልጥም ላይ ቀዶ ከፍተው መለኪያ ለጥፈው አስሩጠዋቸው ያውቃሉ (እኔን አይጨምረኝ)፣ ዳገትና ቁልቁለት ዚግዛግ እያሉ ሲሮጡ እንኳን 2,000 አካባቢ ነው የደረሰው። አጥንት በአንድ ምት እንዲሰበር ደሞ ከዛ ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል።

ስለዚ አንድ እርምጃ አልሰበረኝም። አንድ ሽቦ ይዛችሁ አንዴ ብታጥፉት አይበጠስም፣ ወዲህና ወዲያ ሃያ ሰላሳ ጊዜ ስታደርጉት ነው ሙቅ ሙቅ እያለ ቀጭ የሚለው። አጥንትም እንደዛው በየጭነቱ ለአይን የማይታዩ ስንጥቆች ይሰበስባል። ሽቦው ግን የተሰነጠቀውን አይጠግንም፣ አጥንት ይጠግናል፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ የኔም ጣጣ የመጣው (ቆይ እመለስበታለሁ) ከጥገናው ነው።

ጭነት ሁሉ ደሞ አንድ አይደለም። የአጥንት ወፍራሙ ቅርፊት በርዝመቱ ሲጨመቅ በያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊሜትር 17 ኪሎ ገደማ ይችላል፣ ሲጎተት 13 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሸርተት የሚያደርግ ኃይል ሲመጣበት ግን 7 ኪሎ ገደማ ላይ እጁን ይሰጣል። ጠመኔ ያለው ሰው አሁኑኑ ይሞክረው፣ በሁለት እጃችሁ ያዙና እርጥብ ልብስ እንደሚጨምቅ ሰው ጠምዝዙት። ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፣ እየተጠማዘዘ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ዞሮ ነው የሚሰበረው። ተጠምዝዞ የተሰበረ እግር ኤክስሬይም ቁርጥ ያን ጠመኔ ነው፣ ምክንያቱም የመጠምዘዝ ኃይል ሰያፍ በሆነ አቅጣጫ ይጎትታል፣ ጠመኔም ሆነ አጥንት ደሞ መጎተት አይወዱም። እኔ ሦስት ጠመኔ ጨርሻለሁ።

ቅልጥም ሲታጠፍም አንዱ ጎኑ ይጨመቃል አንዱ ይጎተታል። የኔ ስንጥቅ በውስጥ በኩል ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ያ ጎን ደሞ የሚጨመቀው ስለሆነ፣ «እድለኛ ነሽ» ተባልኩ፣ ተጨመቀ ማለት ስንጥቁ አፉን ይገጥማል እንጂ አይከፍትም። ከፊት በኩል ቢሆን በያንዳንዱ እርምጃ እየተጎተተ ይከፈት ነበርና ለወራት አልድንም የሚል አመል አለው፣ አንዳንዴም ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል። ቡት አድርጎ ለተቀመጠ ሰው እድለኛ ነሽ ማለት ትንሽ ያናድዳል፣ ግን እውነታቸውን ነው።

ስለ ጫናና አጥንት ስታነቡ መቼም ወልፍ የሚባለውን ሰውዬ አታመልጡትም። ዩሊየስ ወልፍ፣ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም፣ 1892 ላይ ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት በሚሸከመው ጭነት ልክ ቅርጹንና የውስጥ አሠራሩን ይቀይራል አለ፣ እስካሁን «የወልፍ ሕግ» ይባላል። እኔን የማረከኝ ግን ከሱ በፊት ያለው ታሪክ ነው። 1866 ላይ ዙሪክ ውስጥ ሄርማን ፎን ማየር የሚባል የአናቶሚ ሰው የጭን አጥንትን ራስ ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን ያሳያል፣ ውስጡ ስፖንጅ የሚመስል ነው፣ ቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች እየተጠላለፉ ቅስት ቅስት ሠርተው ይወርዳሉ። እዛ ከነበሩት አንዱ ካርል ኩልማን ነበር፣ ኢንጂነር ነው፣ ድልድይና ክሬን ውስጥ ኃይል በየት በኩል እንደሚተላለፍ በመስመር ስሎ የማስላት ዘዴ ያዳበረ ሰው። ኩልማን ያን አጥንት ሲያይ መስመሮቹን አወቃቸው። ተማሪዎቹ የጭን አጥንት ቅርጽ ያለው ክሬን ላይ የኃይሉን መስመር እንዲስሉ አደረገ፣ ሲስሉት ማየር ሰንጥቆ ያሳየውን መሰለ። አንዱ የሬሳ አጥንት ይዞ፣ አንዱ የክሬን ወረቀት ይዞ፣ ሁለቱ አንድ ስዕል።

ወልፍ ይሄን ወስዶ ሕግ አደረገው፣ ስሙም ለሱ ሄደ። ሲበዛ ግን ገፋው መሰለኝ፣ አጥንቱ የሒሳቡን መስመር ፍጹም በሆነ መልክ ይከተላል ባይ ነበር፣ ኩልማን ያሰላው ክሬን ውስጡ ድፍን ነው፣ አጥንት ደሞ ድፍን አይደለም፣ ስለዚ መገጣጠሙ ወልፍ እንዳለው ልክክ አይልም። እኔ የበለጠ የሚመቸኝ ቪልሄልም ሩ ነው፣ ከወልፍ መጽሐፍ በፊት በ1881 ቅርጹን ትቶ ሂደቱን ጠየቀ፣ ማለትም ሴሎቹ እዛው ቦታቸው ላይ የሚደርስባቸውን ጫና እየሰሙ ራሳቸው ይገነባሉ ያፈርሳሉ አለ። ከላይ ሆኖ የሚያዝ ኢንጂነር የለም ማለት ነው፣ ግንበኞቹ ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት።

እነዚህ ሰሚዎች አሁን ስማቸው ይታወቃል፣ ኦስቲዮሳይት ይባላሉ። ከአጥንት ሴሎች ከመቶ 90ው ወይም ከዛ በላይ እነሱ ናቸው፣ አንድ ሰው ውስጥ ከ40 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። አጥንት ሲገነባ ራሳቸው በሠሩት ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው የቀሩ ግንበኞች ናቸው፣ እያንዳንዱ ከተቀበረበት ጉድጓድ በጠባብ ጠባብ ቦይ እጁን ዘርግቶ የጎረቤቱን እጅ ይነካል። ቦዩ ውስጥ ፈሳሽ አለ። አጥንቱ ሲለመጥ እንደተጨመቀ ስፖንጅ ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፣ የሴሉን እጅ ይጎትተዋል፣ ሴሉ የሚሰማው ይሄንን ነው። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሴል ላብራቶሪ ውስጥ ወስዳችሁ ብትስቡት መልስ የሚሰጠው አጥንቱ ከሚለመጠው ከአስር እጥፍ በላይ ስትስቡት ነው፣ በዛ ሂሳብ ሩጫን መስማት አልነበረበትም። ፈሳሹ ነው ሹክሹክታውን ወደ ጩኸት የሚቀይርለት።

ሰምቶ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ በሚቀመጥበት ጊዜ ስክለሮስቲን የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፣ ትርጉሙ «አትገንቡ» ነው። ጫና ሲሰማ እሱን ይቀንሳል፣ ገንቢዎቹ ኦስቲዮብላስቶች ይነሳሉ። ይሄን ፕሮቲን በተፈጥሮ የማይሠሩ ሰዎች አሉ፣ አጥንታቸው ሳያቋርጥ ይወፍራል፣ የራስ ቅላቸው ወፍሮ ነርቭ እስከመጫን ይደርሳል፣ ስለዚ ዝም በሉ የሚል መኖሩም ደግ ነገር ነው። ስክለሮስቲንን የሚያፍነው ሮሞሶዙማብ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ 2019 ላይ ተፈቅዶ አጥንታቸው ለሳሳ ሴቶች ይሰጣል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሰሚ ካለ፣ እኔም በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ካስጮህኩበት፣ ምነው አልሰማም?

መልሱን ያገኘሁት ወፍ ላይ ነው። ሩቢንና ላንየን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1984 ባወጡት ሥራ የወፍ ክንፍ ውስጥ ያለ አጥንት ሌላ ምንም ጫና እንዳይደርሰው ለይተው፣ በማሽን ብቻ በቀን የተቆጠረ ጫና ሰጡት። ምንም ያልተጫነው እየሳሳ ሄደ። በቀን 4 ጊዜ ብቻ የተጫነው ባለበት ቆየ፣ አራት ጊዜ! በቀን 36 ጊዜ የተጫነው ወፈረ፣ ያ ማለት ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ሥራ ነው። ከዛ 1,800 አደረጉት፣ ሃምሳ እጥፍ ማለት ነው። ከ36ቱ የበለጠ ምንም አልጨመረም።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ጣራ ጣራ አየሁ። አንድ ሰዓት ሩጫ በግምት 10,000 እርምጃ ነው፣ ለአንድ እግር 5,000። ሰላሳ ስድስቱ ከወፉ ጋር እኩል ከሆኑ የቀሩት አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ምናምን ምን ሲሠሩ ነበር?

ሌሎች ተመራማሪዎች አይጥ ላይ የሠሩት ደሞ ነገሩን ግልጥ አደረገው። የአጥንት ሴሎች ተከታታይ ጫና ሲሰሙ ከ20 ዙር ገደማ በኋላ የመስማት አቅማቸው ከመቶ 95 በላይ ይጠፋል። ይደነቁራሉ። ለመመለስ ሰዓታት ይፈልጋሉ፣ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ስምንት ሰዓት ገደማ። ያንኑ በቀን 360 ጫና ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አንዴ ከመስጠት አራት ቦታ ከፍለው 90 90 አድርገው ሲሰጡ አጥንቱ የበለጠ ጠነከረ። ድምሩ ያው ነው፣ መሀሉ ላይ ዝምታ ስላለ ብቻ። ዝም ብሎ ተጭኖ የሚቆም ጫናም ዋጋ የለውም፣ የወፉን አጥንት ተጭነው እንደተጫነ ቢተዉት ያልተጫነ ያህል ነው የሳሳው፣ ፈሳሹ አንዴ ሮጦ ይቆማላ። ሻንጣ ተሸክሞ የቆመ ሰው ጡንቻው ይቃጠላል እንጂ አጥንቱ ምንም አልሰማም።

ደግሞ ያልለመደውን ይወዳል። ቴኒስ ተጫዋቾች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንድ እጃቸው ይመታል አንዱ ዝም ይላል፣ ምግቡ ያው፣ ዘሩ ያው፣ ልዩነቱ ጫናው ብቻ። 1977 ላይ የወጣ ጥናት የሚመቱበት ክንድ የአጥንት ቅርፊት ከሌላው ክንዳቸው ወንዶቹ ላይ 35 በመቶ፣ ሴቶቹ ላይ 28 በመቶ ወፍሮ አገኘ። ምቱ ፈጣን ነው፣ አቅጣጫው ይቀያየራል፣ በመሀል በመሀል ኳስ ለቀማ አለ፣ እረፍት። በልጅነት የጀመሩት ደሞ አድገው ከጀመሩት ሁለት እስከ አራት እጥፍ ልዩነት አላቸው። ብስክሌት የሚነዱት በተቃራኒው፣ በቀን ስንት ሰዓት እየለፉ፣ እግራቸው የብረት ዘንግ መስሎ፣ አጥንታቸው ግን ብዙ ጊዜ ከኛ ተቀምጠን ከምንውለው የማይሻል፣ እንዲያውም ወገባቸው ላይ የሚያንስ ነው። ፔዳል ለስላሳ ነው፣ ምንም አያስደነግጥም።

እና እኔ ምን አደረግኩ? ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ጫማ። አንድ ቃል 5,000 ጊዜ የሚደጋግም ሰው አጠገባችሁ ቢቀመጥ መጀመሪያ ትሰሙታላችሁ፣ ከዛ ጆሯችሁ ይተወዋል። አጥንቴ ሰለቸው። የሚያናድደው ግን ሒሳቡ የተቀመጠበት መንገድ ነው፣ መስማቱ መጀመሪያዎቹ ጥቂት አስሮች ላይ ይቆማል፣ ስንጥቁ ግን እስከ አምስት ሺኛዋ እርምጃ ድረስ አንድም ሳይዘለል ይቆጠራል። የሚከፍለኝ ጥቂቱን ነው፣ የሚያስከፍለኝ ሁሉንም።

አሁን ወደ ጥገናው፣ እመለስበታለሁ ያልኩት። አጥንት ለአይን የማይታይ ስንጥቅ ሲያገኝ ላዩ ላይ አይለጥፍም፣ መጀመሪያ ይቆፍራል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች የተበላሸውን እየበሉ በቀን የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ እየገፉ ዋሻ ይሠራሉ፣ ከኋላቸው ገንቢዎቹ እየተከተሉ ይሞላሉ። መንገድ ሲጠገን አይታችኋል፣ መጀመሪያ አስፋልቱን ነው የሚያነሱት፣ ለተወሰነ ጊዜ መንገዱ ከድሮው የባሰ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ቁፋሮው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፣ መሙላቱ ግን ሦስት ወርና ከዛ በላይ፣ ከሞላም በኋላ ማዕድኑ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሌላ ወራት። ስለዚ አዲስ ስፖርት የጀመረ ሰው አጥንቱ በጣም የሚሳሳው መጀመሪያ ቀን አይደለም፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፣ ጉድጓዱ ብዙ ሆኖ መሙያው ገና ባልደረሰበት ሰዓት። ያ ሰዓት ደሞ ልክ ትንፋሻችሁ ረዝሞ ጭናችሁ ጠንክሮ እንደ ንስር የምትሆኑበት ሰዓት ነው። ስድስተኛው ሳምንት። እኔ በአምስተኛው ሰዓቱን እጥፍ አድርጌዋለሁ።

ይሄ ለኔ ብቻ የመጣ አይደለም፣ 1855 ላይ ብራይትሃፕት የሚባል የፕሩሺያ ጦር ሐኪም ምልምል ወታደሮች ከረጅም ጉዞ በኋላ እግራቸው መዳፍ ላይ ሲያብጥና ሲያማቸው አይቶ ጽፎ ነበር፣ ኤክስሬይ እስኪፈጠር 40 ዓመት ቀርቶታልና አጥንት መሆኑን አላወቀም። ወታደሩ አልወደቀም፣ አልተመታም፣ ዝም ብሎ ተራመደ። እንደኔ።

ቡቱ ውስጥ ሳለሁ ደሞ ሌላኛው ጫፍ አሳሰበኝ። ጫና የሚያስገነባ ከሆነ ጫና ማጣት ያፈርሳል ማለት ነው፣ ያፈርሳልም። ጠፈር ላይ ያሉ ሰዎች ዳሌያቸው አካባቢ በወር ከአንድ እስከ አንድ ተኩል በመቶ አጥንት ሊያጡ ይችላሉ፣ ለዚህም ነው በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ስፖርት የሚሠሩት። ሰውነት የማይጠቀምበትን ዕቃ የሚሸጥ ስስታም ባለቤት ነው፣ አጥንት መሸከም ያስከፍላል፣ ካልተጠቀምክበት ካልሲየሙን ይወስደዋል። ይሄ ነገር የዳሌ ብረት የገባላቸው ሰዎች ላይም ይመጣል፣ ብረቱ ከአጥንቱ ብዙ እጥፍ ግትር ስለሆነ አብዛኛውን ጭነት እሱ ይሸከመዋል፣ አጠገቡ ያለው አጥንት ሥራ ፈትቶ ይሳሳል። በጣም የሚረዳ ጓደኛ አንዳንዴ እንደዚህ ያደርጋል።

ቡቱ በወጣ ጊዜ ሐኪሜ ወደ አንድ ፊዚዮቴራፒስት መራኝ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ «እህቴ» ነው የሚለኝ። እኔ ይሄን ሁሉ አንብቤ ስለመጣሁ ፈተና እንደሚፈተን ተማሪ ተዘጋጅቼ ነበር። ለሳምንታት በእርምጃና በአንድ እግር መቆም ካቆየኝ በኋላ ጣቴን ስጫን ምንም የማያመኝ ሲሆን አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ትዘያለሽ እህቴ።»

«ስንት?»

«ጠዋት አስር፣ ማታ አስር።»

«አስር ደቂቃ?»

«አስር ጊዜ። አስር ዘለሽ ትቆሚያለሽ። ወደ ፊት ትንሽ፣ ወደ ጎን ትንሽ፣ ሁሌ አንድ አይነት እንዳይሆን። በየዝላዩ መሀል ትንሽ ተንፍሺ።»

አስር ጊዜ! ለአንድ ሰዓት ስሮጥ የነበርኩት ሰው፣ አስር ጊዜ። ስለ ወፉ፣ ስለ ስምንት ሰዓቱ፣ ስለ 36ቱ ሁሉ እያወቅኩም ክብሬ ተነካ። ማወቅና መቀበል ለየቅል ናቸው። «ሃያ ባደርገውስ?» አልኩት። ሳቀና «ሃያ ላይ አይሰማሽም» አለኝ፣ ይሄኔ እሱም ያነበብኩትን እንዳነበበ ገባኝ፣ አፌን ዘጋሁ።

የመጀመሪያው ጠዋት ኮሪደር ላይ ባዶ እግሬን ቆምኩና ግድግዳውን በአንድ ጣት ነክቼ ዘለልኩ። አንድ። ቅልጥሜን አዳመጥኩት፣ ምንም። ሁለት። ወደ ጎን ሦስት፣ ሚዛኔን ስቼ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። አስር ላይ ስደርስ ሰላሳ ሴኮንድ ምናምን ቢሆን ነው፣ ላብ የለም፣ ትንፋሽ አልተቆራረጠም፣ ምንም እንዳልሠራሁ ሆኖ ነው የተሰማኝ፣ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ውስጥ ግን የሆነ ፈሳሽ በጠባብ ቦይ አስር ጊዜ ሮጧል፣ ስክለሮስቲን የሚለቁት ትንሽ ዝም ብለዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማታ ደገምኩት።

አሁን ስምንት ወር ሆኖኛል። ሩጫም ተመልሻለሁ፣ በሳምንት ሦስቴ፣ መንገድ እየቀያየርኩ፣ አንዳንዴ በመሀል ቆሜ ዘለል ዘለል እላለሁ፣ የሚያየኝ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። ማታ ማታ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ አውራ ጣቴን ከጉልበቴ ጀምሬ ወደ ታች ማስኬድ ልማድ ሆኖብኛል። ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እዛች ቦታ ላይ ስደርስ አያመኝም፣ ግን ጣቴ ስር አንድ ትንሽ ጉብታ አለች፣ ስንጥቁን ሊይዙ ገንቢዎቹ የለጠፉት ትርፍ አጥንት። ፊዚዮቴራፒስቱን ስጠይቀው ጭነት ስለማትሸከም ቀስ በቀስ ይበሏታል፣ ላንቺ ላይታወቅሽም ይችላል አለኝ። ትናንት ማታ አይቻታለሁ፣ እስካሁን አለች።